የአቶ ግዛቸው ምርኩዝ

ሐዋሳ፣ ታቦር
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

…መሬቱ እርጥብ ነበር። መጀመሪያ የሚመጣብኝ ይሄ ነው። የሰው ፊት አይደለም፣ ዜማውም አይደለም። ቀሚሴ ጭቃው ላይ ተጣብቆ ልነሳ ስል የሚያሰማው ድምፅ። ብዙአየሁ ከጎኔ ነበረች፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ። «ምጡ እዚሁ ቢመጣብኝስ?» አለችኝ። «ወታደሮቹ ያዋልዱሻላ» አልኳት። እስር ቤቱ ፊት ለፊት፣ ጠመንጃ እያየን፣ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ዕፀዬ፣ የሆዴ ልጅ፣ ሰላምታ ሳላቀርብ ወሬ ውስጥ ገባሁብሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እዚያ በርገን ከተማ ዛሬም እየዘነበ ነው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ዳገቱን ስወጣ ያማርራል።

ባለፈው በስልክ «እማ፣ ያኔ እነ አባዬ ሲታሰሩ እናንተ ሴቶቹ ምን ትሠሩ ነበር?» ብለሽ ለጥናትሽ ጠየቅሽኝ። «ስንቅ እናመላልስ ነበር» አልኩሽ። ወንድምሽ ክብሩ ሳሎን ተቀምጦ ነበር፤ ሌላ ነገር ከአፌ አልወጣም። የጎረቤታችን ልጅ ሕዝቅያስ እሁድ ወደ እናንተ ስለሚበር ይህን በእሱ እልክልሻለሁ። በስልክ የማይባል ነገር አለ። ግድግዳችን ስስ ነው።

እውነት ነው፣ ስንቅ አመላልሰናል። ወንዶቹ የሕዝብ መብት ብለው ጠየቁ፣ ታሰሩ። ከዚያ በኋላ የማን ቤት እንደሚፈተሽ፣ ማን መሸሸግ እንዳለበት ከቤት ቤት በአፋችን ያደረስነው እኛ ነን። መጨረሻ ላይ ሲቆአችንን ይዘን ሄደን እስር ቤቱ ፊት ተቀመጥን። ሲቆ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት በትር እንደሆነ ታውቂያለሽ። ያካ ሲወጣም በልጅነትሽ አይተሻል፤ ሴት ስትበደል ሴቶቹ ሁሉ በትራቸውን ይዘው፣ እየዘመሩ፣ በዳዩ ደጅ ይወርዳሉ። ወንድ መንገዳቸውን አያቋርጥም። ወታደሮቹም ግማሾቹ የእኛው አገር ልጆች ነበሩ፤ የእናታቸውን በትር ያውቁታል። ሊረግጡን አልቻሉም። እኛም አልተነሳንም፣ እስኪለቋቸው ድረስ።

አባትሽ ሲወጣ ከወንዶቹ ጋር ተቃቀፈ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ቀሚስሽ ጭቃ ሆኗል» አለኝ። በደግነት ነው ያለው። ዛሬም ድረስ በደግነት እንደሆነ አውቃለሁ።

ነገ የእነዚያ ታጋዮች መታሰቢያ ነው፣ ፒያሳ አካባቢ ባለ አዳራሽ። የኮሚቴው ጸሐፊ ወንድምሽ ነው። ንግግሩንም እሱ ያደርጋል፣ ስለ ፍትሕ። ለሴቶች የተሰጠው ሥራ ምግቡና እልልታው ነው፤ ነጭ ለብሰን በሩ ላይ እንድንቆም። ለኔ ወንበር ተይዞልኛል፣ ሁለተኛው ረድፍ። «የአቶ ግዛቸው ባለቤት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

ረቡዕ አዳራሹን ለማየት ሄድኩ። የመስታወት ሣጥን ሠርተዋል። የአባትሽ መነጽር፣ መጽሐፍ ቅዱሱ፣ ያ ቡናማ ኮቱ። ከኮቱ አጠገብ የኔ ሲቆ። ክብሩ ከክፍሌ ጥግ ወስዶት ነው። ከሥሩ በሚያምር ጽሑፍ፣ «የአቶ ግዛቸው ምርኩዝ»።

ቆሜ ቀረሁ።

«እንዴት ነው እማ?» አለኝ ከኋላዬ መጥቶ።

«ክብሩ፣ ይሄ የኔ ነው። እናቴ ነች የሰጠችኝ።»

«ያው አንድ ቤት አይደል እንዴ?» ሳቀ። «ደግሞ አባዬ ሲደገፈው በዓይኔ አይቻለሁ።»

ልክ ነው። በመጨረሻው ዓመት፣ እግሩ ሲከዳው፣ ተደግፎታል። ከአልጋው ጓሮ ድረስ በሱ ነበር የሚሄደው። በትሩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ታዲያ ምን ልበል? እውነት ነው የጻፉት። ግን እውነት አይደለም። «መልስልኝ» አልኩት። «ከቅዳሜ በኋላ፤ አሁን ተቆልፏል» አለኝና ግንባሬን ሳመኝ።

የምጽፍልሽ ግን ስለ በትር አይደለም።

ኢየሩስ፣ የወንድምሽ ሚስት፣ ቤት የለችም። ማክሰኞ ወጣች፣ በአንድ ፌስታል ልብስ። ብዙአየሁ ቤት ነው ያለችው፣ ከኛ ሁለት መታጠፊያ ዝቅ ብሎ። ባለፈው ሰላምታ ስታቀርብልሽ ድምፅዋ ተቀይሮ ነበር ብለሽኝ ነበር። ልክ ነበርሽ። ወንድምሽ ዜና የማይሰማ ሰው፣ ሬዲዮ ጮክ አድርጎ መክፈት ጀመረ። ሬዲዮው ሲከፈት እኔ ተነስቼ በራቸውን እቆረቁር ነበር። ሬዲዮው ይጠፋል። «ምንም አይደለም እማማ፣ ዕቃ ወድቆብኝ ነው፤ እርስዎ ይተኙ» ትለኛለች። ሲነጋ ቤተ ክርስቲያን በደመና ቀን የፀሐይ መነጽር አድርጋ ትቀመጣለች። መዝሙሩን ግን አታቋርጥም። ክብሩን ብቻውን ይዤ ተናገርኩት፤ አንድ ጊዜ ቆጣ ብዬ፣ አንድ ጊዜ አልቅሼ። «እማ፣ የባልና ሚስት ነገር ነው» ይለኛል፣ እንደ ሽማግሌ። እኔ የወለድኩት።

ትናንት ብዙአየሁ መጣች። በትሯን ይዛ።

«አንቺ ጸሐይ፣ ልጅሽ ነገ ወዲያ ስለ መብት ሊናገር ነው አሉ።»

«ቁጭ በይ እንጂ መጀመሪያ።»

«አልቀመጥም። ከተቀመጥኩ ሻይ ታመጪያለሽ፣ ሻይሽን ከጠጣሁ ታሳዝኚኛለሽ።»

«ኢየሩስ እንዴት ናት?»

«በግራ እጇ ትበላለች።»

 ጎረቤት አንድ ሰው ምስማር ይመታ ነበር።

«ተስማምተናል» አለች። «ጠዋት እንመጣለን። ወጥቶ ሴቶቹ ፊት ይቁም፣ ያደረገውን በአፉ ይናገር፣ ይቅርታ ይጠይቅ። እስኪወጣ አንነሳም። አንቺስ? ከኛ ጋር ትወጫለሽ ወይስ ከሱ ጋር ትቀመጫለሽ?»

«ሲቆ የለኝም» አልኳት። 

የት እንደሄደ ነገርኳት። አፏን ይዛ ቆየችና ሳቋ አመለጣት። «ግዛቸው ሞቶም ጠቅልሎ ወሰደው በይኛ! እኛ ያኔ ጭቃ ላይ፣ አሁን ድስት ላይ። የቀረንን አንድ እንጨትም ምርኩዝ አደረጉት።» እኔም ሳቅሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ስትወጣ ዞር ብላ፣ «ያቺ ፌሚኒስት ልጅሽ ታውቃለች?» አለችኝ። አታውቅም አልኳት። «ንገሪያት። ለጥናቷ ይሆናታል።»

አትቀየሚያት። ስትናደድ እንዲህ ናት።

እሷ እንደሄደች አቶ እስራኤል መጣ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው። ወሬው ቀድሞት ደርሷል። «እማማ ጸሐይወርቅ፣ እርስዎ የተከበሩ እናት ነዎት። ቅዳሜ ይለፍ፣ በቤት ውስጥ፣ በጸሎት እንጨርሰዋለን። የአቶ ግዛቸው ስም አለ» አለኝ።

«የኢየሩስ ስምስ?»

«እሷማ ልጃችን ናት» አለ። መልስ የሰጠኝ መስሎታል። ጉልበቱን ተደግፎ ተነሳ፣ ባረከኝ፣ ሄደ።

ዛሬ ጠዋት ክብሩ ሻይ አፍልቶ ክፍሌ ድረስ አመጣልኝ። ስኳሩን እንደምወደው አድርጎ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እማ፣ ሲመጡ አንቺ ውጪና መልሻቸው። አንቺን ይሰማሉ።»

«ምን ብዬ?»

«ታውቂበታለሽ። ነገ ስንት እንግዳ አለ።»

«እጇን ምን ሆነች?»

«ወደቀች።»

ይህን ሲለኝ አላየኝም። እኔም እሱን ሳይሆን እጁን አየሁ። በፍቼ በዓል ጉዱማሌ ሜዳ ሰው ሲሞላ እንዳይጠፋብኝ አጥብቄ የያዝኩት እጅ ነው። ጥፍሩን የቆረጥኩለት። ዕፀዬ፣ ይህንን በጥናትሽ ውስጥ የት ታስገቢዋለሽ? እስር ቤቱ ፊት ስቀመጥ ቀላል ነበር። ወታደሩ የሌላ ሰው ልጅ ነበር።

ብወጣ ልጄን ለአደባባይ ሰጠሁት። ብቀመጥ ያቺን ልጅ፣ እርስዎ ይተኙ የምትለኝን፣ መልሼ ወደዚያ ክፍል አስገባኋት። ከነጋ ጀምሮ ይህንኑ አገላብጣለሁ። አንቺ ብትኖሪ ምን ትዪኝ ነበር? ስልክ አንስቼ ነበር። ቁጥርሽ ላይ ደርሼ አስቀመጥኩት። «እማ፣ ውጪ» ትያለሽ። ይህን ለመስማት አልደፈርኩም፤ «አትውጪ» ብትዪኝ ደግሞ ከዚያ በላይ እፈራለሁ።

አሁን ድምፃቸው መጣ። ከታች፣ ከአስፋልቱ በኩል። ዜማው ሳይቆራረጥ ነው የሚወጣው፣ አሮጊቶች እንዴት ዳገቱን እየወጡ እንደሚዘምሩ እንጃ። አንድ ባጃጅ ሞተሩን ሲያጠፋ ሰማሁ። ሾፌሩ መንገዳቸውን ላለማቋረጥ ይሆናል። ይህንንስ ወንዶቹ አልረሱትም።

ክብሩ ሳሎን ውስጥ ይንጎራደዳል። ሬዲዮውን ከፈተ። አጠፋው።

መቸኮል አለብኝ። የኔ ልጅ፣ ያለሽበት አገር ይመችሽ፣ ብርዱ አይግባብሽ። የጀመርሽውን ፈጣሪ ያስጨርስሽ። ድምፅሽን ዝቅ ሳታደርጊ የምትኖሪበት ቤት ይስጥሽ። ለኢየሩስ ደውዪላት፤ ምንም ባትነግርሽም ደውዪላት። ወንድምሽንም ከጸሎትሽ አታውጪው፤ እኔም አላወጣሁትም፤ አልቻልኩም።

እናትሽ፣
ጸሐይወርቅ

ስሜን ጽፌ ተነስቼ ነበር። ነጠላዬን አጣፋሁ። ደጁ ላይ ደርሰዋል፣ የብዙአየሁን ድምፅ ለየሁት፤ «ጸሐይወርቅ!» ትላለች፣ «ጸሐይወርቅ!» ክብሩ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።

«ወዴት ነው እማ?»

«ወደ ሴቶቹ።»

«ልትመልሻቸው?»

 ፊቴን አየ። ቆይቶ አየኝ፣ እንደማያውቀኝ ሰው። ከዚያ ትከሻዬን ይዞ፣ ሳይገፋኝ፣ ቀስ አድርጎ ወደ ክፍሌ መለሰኝ። ወንበሩን ሳብ አድርጎ አስቀመጠኝ። እስክሪብቶውን ከመሬት አንስቶ በእጄ አስያዘኝ።

«ደብዳቤሽን ጨርሺ» አለኝ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ።

ወጣና የክፍሌን በር ከውጭ ዘጋው።