ከአሰንዳቦ ጀርባ ያለው ፏፏቴ

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

መዝገብ ቤት ዋልኩ። ፋይሎቹ ሻጋታ ሸተቱኝ፤ መስኮት ከፈትኩ። በባጃጅ ወደ ቤቴ፣ ወደ ጊንጆ። ጎመን ሠራሁ። ልበላ ስል ወዳጄ ማርቆስ ከሆሳዕና ደወለ።

«ሐሙስ እመጣለሁ!»

«የት?»

«የት ይሆናል? አንተ ጋ ነዋ! ጅማ!»

ደስ አለኝ። ከልቤ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ጎመኑን ሳልቀምስ ከደንኩት...

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

እዚህ ላይ እንኳ በትክክል ልጻፈው።

ማርቆስ ካቻምና ከሞተር ሳይክል ወድቆ ወገቡን ተጎዳ። ሆሳዕና፣ ቤቱ ውስጥ፣ አንድ ዓመት ከአራት ወር ተኛ። መጀመሪያ ሰሞን ስልክም አያነሳ። ሚስቱ ሩሐማ «ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል» አለችኝ። ምን ልበለው? አይዞህ? ስንቱ ብሎታል።

የእግር ጉዞ ላክሁለት፤ በስልክ፣ በድምፅ መልእክት። «ዛሬ ከአሰንዳቦ ጀርባ ሄድኩ። ፏፏቴ አለ...» እያልኩ።

አልሄድኩም። አሰንዳቦን የማውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጅማ ኖሬ ከአስፋልት ወጥቼ አላውቅም። ውሻ እፈራለሁ። መንገድ መጠየቅ እፈራለሁ። ኦሮምኛዬም ከገበያ አያልፍም።

በማግሥቱ መልስ መጣ። የመጀመሪያው መልሱ። «ነገም ሂድ።»

ሄድኩ። ማለቴ... ላክሁ። ስድስት ወር ሙሉ።

አሁን ፏፏቴውን ሊያይ ይመጣል።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ትናንት መጣ። በእግሩ! ከዘራ ይዟል፤ ግን በእግሩ። መናኸሪያው መሀል አቅፎ ሊያነሳኝ ሲታገል «ተው፣ ወገብህ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሳቀብን።

ዛሬ ከሥራ መልስ ጅሬን ኮረብታ ወጣን። ግማሹን በባጃጅ፣ ግማሹን በእግር። ኅዳር ሲታጠን አይደል፣ በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። ከላይ ስናይ ከተማው የለም፤ ጢስ ብቻ። «ከተማህን ደበቁብኝ» አለ። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እንጨት እየዳሰሰ ዞረ። እኔ የማየው እግሩን ነው። ቀኙ ትንሽ ይጎተታል። ይራመዳል ግን... ተመስገን።

ስንወርድ ነገረኝ።

«ቤተ ክርስቲያን ቆሜ መስክሬያለሁ፣ ወንዴ።»

«ምን ብለህ?»

«ጌታ ካስነሳኝ ወዳጄ የሚሄድበት ፏፏቴ ሥር እቆማለሁ ብዬ። አስነሳኝ። ቪዲዮ ይዤላቸው እመለሳለሁ። ጉባኤው በሙሉ ይጠብቃል።»

ጉባኤው በሙሉ።

«በዚህ ወር ውሃው ሳይቀንስ አይቀርም» አልኩ።

«ጠብታም ብትሆን አያታለሁ።»

ንገረው። ንገረው። ራት በላን። አልነገርኩትም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

አሰንዳቦ ከአውቶቡስ ወርደን በእግር ገባን። አንድ ሰዓት ያህል። እኔ ከፊት! እንደሚያውቅ ሰው።

«ሦስቱ ድንጋዮች የታሉ? እዚያ ትንፋሽ ትወስድ ነበር።»

«ወደፊት ነው።»

ላቡ አንገቱ ላይ ይወርዳል፤ ከዘራው ይንቀጠቀጣል። ለሌለ ነገር። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

አንድ የቡና ማሳ ዳር ሽማግሌ አስቆሙን። አባቦራ ይባላሉ። ለቀማ ላይ ናቸው፤ በዚህ ሰሞን ቦርሳ ያዘለ እንግዳ አይታመንም።

«የማን ናችሁ? ቦርሳው ውስጥ ምን አለ?»

«ዳቦ ነው፣ አባቴ» አለ ማርቆስ። «ፏፏቴውን ልናይ ነው።»

«ፏፏቴ? ፊንጫኣ? እዚህ?» ሳቁ። «ሂንጅሩ! የለም! ሰባ ዓመቴ ነው፣ እዚሁ ነው የተወለድኩት። የቡና ሌባ እንኳ ከዚህ የተሻለ ይዋሻል!»

ማርቆስ ወደ እኔ ዞረ። «መንገድ ስተን ይሆን?»

መውጫ ሰጠኝ። አዎ ብል ይበቃ ነበር።

«የለም፣ ማርቆስ። ኖሮም አያውቅ። እኔም እዚህ ስመጣ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

አጥሩን ተደገፈ።

«ኮቴህስ? ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኝ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን ማንሳት የጀመርኩት በዚያ ኮቴ ነው።»

«ግቢዬ ውስጥ ነበር የምዞረው። ከቧንቧው እስከ በሩ። በየቀኑ ሁለት መቶ ጊዜ።»

«ጉባኤ ፊት አስዋሸኸኝ።»

«አዎ።»

አባቦራ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። «ኮታ፣ ኑ ግቡ» አሉ። «ጠብም ቢሆን ተቀምጦ ነው።» እርጎ ሰጡን። ለማናውቃቸው ሰዎች፣ ያውም ሌባ መስለናቸው... ማርቆስ አመስግኖ ጠጣ። ወደ እኔ አላየም። በአውቶቡሱም ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ኅዳር 14፣ እሑድ

አላናገረኝም። አልሄደም ግን። ሻንጣው መኖሩን ሦስት ጊዜ አየሁ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ከሥራ ስመለስ ግቢው ውስጥ ነው። ከቧንቧው ወደ በሩ ይሄዳል። ከዘራው ግድግዳው ላይ ቆሟል።

«አርባ ሁለት» አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ያልሰማሁት ድምፅ። «ይህን ሁለት መቶ ጊዜ?»

«አዎ።»

«በዝናብም?»

«ጃንጥላ ነበረኝ።»

«አንተ እኮ እብድ ነህ!»

ጎረቤቴ ናኢማ በአጥሩ በኩል ሰምታ «ወላሂ፣ እኛም እንደዚያ ነበር የምንለው» አለች። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ማርቆስ ፊቱን አኮሳተረ።

«እሑድ ጉባኤው ፊት ቆሜ ፏፏቴው የለም ብዬ እናገራለሁ። አንተም ትመጣለህ። በራስህ አፍ ትነግራቸዋለህ።»

«እኔ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

«አንተ።»

እሺ አልኩ።

ኅዳር 21፣ እሑድ፣ ሆሳዕና

ዛሬ ጽዮን ማርያም ናት። እኔ የዋልኩት ማርቆስ ጉባኤ መሀል። ይቅር ትበለኝ።

ማርቆስ አጭር ተናገረ። ቀጥሎ ማይኩን ሰጡኝ። ሌሊቱን ያጠናሁት በሙሉ ጠፋ። «ፏፏቴውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። እሱ አልዋሸም። እኔ ግቢዬን ነበር የምዞረው፣ በቀን ሁለት መቶ ጊዜ፣ ስድስት ወር...» አልኩ። ማይኩን ልመልስ ዞርኩ።

አንዲት እናት ከኋላ፦ «ጫማህ አላለቀም፣ ልጄ?»

«አልቋል፣ እማማ። ሁለት ጊዜ።»

ሳቁ ከኋላ ጀምሮ እስከ ፊት መጣ። ማርቆስም። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ፤ ክብደቱን ሳይቀር ጣለብኝ። ቆምኩለት። ሴትየዋ ወጥታ አቀፈችኝ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው... ስማቸውን እንኳ አላውቅም። ምን አድርጌላቸው ነው?

ሩሐማ ጾም መያዜን አስታውሳ ሽሮ ለብቻ ሠርታልኛለች። ምሳ ላይ ማርቆስ፦

«ነገ ተራው የኔ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ተራራ አለ። ከወደቅሁ ወዲህ አልሞከርኩትም።»

«ውሻ አለው?»

«ሞልቷል።»

ለአለቃዬ ለወይዘሮ ፀደንያ ደወልኩ። አንድ ቀን ፈቃድ ጨምሩልኝ አልኩ።

«ምነው፣ አመመህ እንዴ?»

አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር።

«ደህና ነኝ። ከወዳጄ ጋር ተራራ ልወጣ ነው።»

«አንተ?»

«እኔ።»