በገዛ ጉበትሽ ላይ የወሰንሽው አንቺ ነሽ

እቴቴ፣ እናቴ፣

ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ነው። ሙት ዓመትሽ ከፋሲካ በኋላ ይዘከራል፤ ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ከወዲሁ ሽር ጉድ እያለ ነው።

ቤቱ ደህና ነው፤ የማየው ግን ከማስተምርበት ከመሐል ሜዳ በገበያ ቀን ብቅ ስል ብቻ ነው። የሞባይል መስመር መንደራችን ደርሷል። ደምሴ ሞላሌ ከተማ ካለ ሰው ጋር እየጮኸ ሲያወራ ያለ ስልኩም የሚሰማው ይመስለኛል። ጥቁሯ በግሽ መንታ ወልዳለች። ፈትለሽ የተውሽው የበግ ጠጉር ወፍራም ባና ብርድ ልብስ ሆኖ ተሠርቷል። የምለብሰው እኔ ነኝ፤ ማንንም አላስፈቀድኩም።

አዲስ አበባ የወሰድንሽ ጊዜ ሐኪሙ ደምሴንና እኔን ለብቻ ጠራን። ጉበትሽ ላይ ያለው ካንሰር መሆኑን፣ እብጠቱ ግን አንድ ብቻ እንደሆነና ቀሪው ጉበትሽ ጤነኛ መሆኑን ነገረን። ሰባ ዓመት አልፏታል አልኩት። ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም፣ የሚታየው ልቧና ሳንባዋ፣ ያላትም አቅም ነው አለ። ቀዶ ሕክምናው አደጋ እንዳለው፣ በሽታው ተቆርጦ ወጥቶም ሊመለስ እንደሚችል አልደበቀንም።

ደምሴ ግን በልቡ ጨርሶ ነበር። በዚህ ዕድሜዋ ቢላዋ አይነካትም፣ ጨጓራ ነው ብለን ጠበል እንወስዳታለን አለ። አገር ቤት ስንመለስ ዘመድ ተሰብስቦ ይህንኑ አጸደቀ። እኔ ስከራከር አጎቴ፣ "አንቺ የተማርሽው ልጅ ልታስተምሪ እንጂ እናትሽን ልታሳርጂ ነው እንዴ?" አለኝ።

በእኛ አገር ለበሽተኛ የበሽታው ክፉ ስም አይነገረውም፤ ፍቅር ነው ይሉታል። በዚያ ሳምንት ጎረቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር። የማታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ።

ስለዚህ ነገርኩሽ። እንዝርትሽን አልጣልሽም። የጀመርሽውን ክር ጨርሰሽ ጠቀለልሽና፣ "በእኔ ጉበት እኔን ትተው ነው የተማከሩበት?" ብለሽ ሳቅሽ። ደምሴን አስጠርተሽ ደግሞ፣ "አንተን ስወልድ ማንን አማከርኩ? አሁንም አላማክርህም" አልሽው። ንስሐ ገብተሽ፣ ቆርበሽ፣ ኦፕራሲዮን ለመሆን ተነሣሽ።

ማገገሙ ከባድ ነበር። ሲያስልሽ ሆድሽን በትራስ እየደገፍሽ እኔን ትቆጪ ነበር። ግን ተነሣሽ፤ ሁለት መኸር በራፍ ላይ ተቀምጠሽ ገብስ የሚወቁትን ስታዪ ከረምሽ። ከዚያ በሽታው ተመለሰ፤ ሁለተኛ መቁረጥ አልተቻለም። ይህንንም ነገርኩሽ። "እሺ" አልሽና ወደ ሐኪም ቤት እንዳልመልስሽ አዘዝሽኝ። በቤትሽ፣ በአልጋሽ ላይ ዐረፍሽ።

በለቅሶው ላይ ደምሴ በሰው ፊት፣ "በቢላዋ ያስጨረስሻት አንቺ ነሽ" አለኝ። አሁን ደግሞ ሙት ዓመትሽ ላይ ለመገኘት በሽማግሌ ፊት ደምሴን ይቅርታ መጠየቅ እንዳለብኝ ተነግሮኛል። አልጠይቅም። አጥፍቼ ቢሆን እግሩ ላይ እወድቅ ነበር።

እመጣለሁ። ነፍስ ይማር ሲሉ አብሬ እላለሁ። ግን ምንም ሳታውቅ እንደተነዳች ምስኪን አሮጊት አድርጌ አላስታውስሽም፤ እነሱ የሚፈልጉት እንደዚያ ነው። ሁሉን ሰምተሽ፣ አስበሽ፣ የመረጥሽው አንቺ እንደነበርሽ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገራለሁ። ከበር ከመለሱኝ በር ላይ ቆሜ እናገራለሁ።

ልጅሽ