የአረንጓዴ ቦታውን አረንጓዴ ስለማድረጋችን

ይድረስ ለክቡር የአካባቢ ማስዋብና የቦታ አጠቃቀም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት ስብሰባ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የምጠይቀው ለወጉ ያህል ብቻ አይደለም። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን በትሕትና ስለምትነግረኝ፣ ብዙ መቀመጥ ደግሞ ወገብ እንደሚጎዳ ዕድሜዬን ሙሉ የልብስ ስፌት መኪና ፊት ተቀምጬ ስላየሁት፣ የእርስዎ ወገብ ከልብ ያሳስበኛል። በሰላም ተነሥተው፣ እግርዎን አፍታተው፣ ይህን ደብዳቤ ለማንበብ እንዲበቁ እመኛለሁ። ደብዳቤውን ሁሉ ሰው እንዲያነበው አድርጌ የጻፍኩት እርስዎን ለመድፈር አይደለም፤ በርዎ ላይ እየተመላለስኩ ያቺን ምስኪን ጸሐፊ ሁልጊዜ አንድ መልስ ማስመለሱ ስላሳፈረኝ ነው።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ በመንገዱ መጨረሻ ከጋራዡ ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ ቤት የገዛሁት ጡረተኛዋ ልብስ ሰፊ ነኝ። አብሮኝ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ እኔ ጋሼ እለዋለሁ። ስትሮክ ቀኝ ጎኑን እስኪያሳርፈው ድረስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር።

ቤት ስል ብዙ እንዳይጠብቁ አደራ። እኛ ሳንገዛት የሲሚንቶ ማከማቻ ነበረች። አንድ ክፍልና፣ በቅን ልቦና ለሚቆጥር ሰው፣ ግማሽ ክፍል አላት። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ምድጃው ላይ የተጣደውን ድስት ማማሰል እችላለሁ፤ ይህን ምቾት በስንት ትልልቅ ቤቶች እንደማያገኙት ያስቡልኝ። መቼም እኔ ጠባብ ልብስ አይቼ ደንግጬ አላውቅም። ስፌቱን መፍታት፣ ወደ ውስጥ ከታጠፈው ጨርቅ ትንሽ መልቀቅ፣ መልሶ መስፋት ነው። ቤቷንም እንዲሁ አደረግናት። ወለሉ ላይ ደርቆ የቀረውን ሲሚንቶ በመዶሻና በመሮ እየፈነቀልን አወጣን፤ አልጋውን እየገጨ ያስቸገረንን በር ወደ ውጭ እንዲከፈት አዙረን ገጠምነው፤ የጣሪያውን የምስማር ቀዳዳ በሬንጅ ደፈንነው፤ ግድግዳውን ኖራ ቀባነው። በመንገዱ በኩል ትልቅ መስኮት አወጣን። በመስኮቱና በመንገዱ መካከል ያለችው ቀጭን መሬት ናት እንግዲህ እኔንና እርስዎን ያስተዋወቀችን።

ቅሬታ አለኝ ለማለት አፌ ስለማይደፍር፣ ውለታዎን ብቻ በተራ ቁጥር አስቀምጬ ላመስግንዎት።

አንደኛ፦ ስለ መሰላሉ አመሰግናለሁ። ጣሪያውን የሚጠግንልን አናጺ ስልክ በተደወለለት ቁጥር፣ ገና ጫማውን ሳያስር፣ “ደርሻለሁ” ስለሚል ሰፈሩ ሁሉ ደርሻለሁ ብሎ ይጠራዋል። ይህ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከምር የደረሰበትና መሰላሉ ላይ የወጣበት ቀን፣ ተቆጣጣሪዎ በዚያ ሲያልፉ የመሰላሉ አንድ እግር ከግድግዳችን አልፎ የመንግሥት ቦታ ላይ ማረፉን አይተው ሥራው ፈቃድ እስኪገኝ እንዲቆም አዘዙ። ፈቃዱን ስንጠብቅ ዝናቡ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ገባ። ፍራሻችንን ወደ ግማሿ ክፍል አሳድደን፣ እኔና ጋሼ ባልዲና ጎድጓዳ ሳህን ስናቀያይር ሰነበትን። በተቆጣጣሪዎ አልፈርድም፤ ሥራቸው ነው። የሚገርመኝ መሰላሉ የቆመው በቆሻሻ ክምር ላይ መሆኑ ነው። የመሰላሉን እግር ለማየት ክምሩን አለማየት እንደሚቻል ከእርሳቸው ተምሬአለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለዚያው ክምር አመሰግናለሁ። ያችን ቀጭን መሬት፣ ቤቷን ስንገዛ፣ የተሰባበረ ጠርሙስ፣ የተቀደደ ጎማ፣ የበሰበሰ ፍራሽና ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፌስታል ሞልቷት ነበር። መስኮቱን ስከፍት ሽታው ከእኔ ቀድሞ አልጋው ላይ ይቀመጣል። ቢሮዎ መጥቼ የቆሻሻ መኪና እንዲላክልን ብለምን፣ ባልደረባዎ ኮምፒውተራቸውን ከፍተው ካርታውን በትዕግሥት አሳዩኝ። ቦታው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። አረንጓዴ ቦታ ነው፤ አረንጓዴ ቦታ ላይ ደግሞ ቆሻሻ ሊኖር አይችልም፤ ስለዚህ የሚነሣ ነገር የለም ተባልኩ። እኔም ይህን ለቆሻሻው ላደርስ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ቆሻሻው ካርታ ማንበብ ባለመቻሉ እዚያው ቆየ። እንደገና መጣሁ፤ እንደገና ካርታው ተከፈተልኝ። ነገሩ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሲሆንብኝ ወገቤን ታጥቄ ራሴ ጀመርኩት።

ሦስተኛ፦ ይህኛው እርስዎን አይመለከትም፤ ቢሆንም ሳልነግርዎት ባልፍ፣ ኋላ የምመጣበት ትዕዛዝዎ ምን እንደሚነቅል ሳያውቁት ይቀራሉ።

ጋሼ ከታመመ ወዲህ ቀኝ እጁ ከትከሻው ተንጠልጥሎ ይቀመጥ ነበር። ሐኪሙ ከእንግዲህ ማንኪያ እንኳ ይይዛል ብላችሁ ተስፋ አታድርጉ አለን። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ደግሞ እንዲጨብጣት አንዲት የጎማ ኳስ ሰጠችው። ዕድሜውን የጭነት መኪና ጎማ ሲፈታና ሲያስር የኖረ ሰው የሕፃን መጫወቻ ጭመቅ ተባለ። ኳሷን አንዴ አያትና አልጋው ሥር ከተታት፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ። ከንግግሩም የቀሩለት ጥቂት ቃላት ናቸው፤ በእነርሱም ቢሆን መጠቀም ተወ። እኔ ያን ጊዜ ፈርቼ ነበር ክቡርነትዎ። ቤቷን የምጠግነው ለሁለት ሰው ነው ወይስ ለአንድ ሰው እያልኩ ኖራ እበጠብጥ ነበር።

አንድ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ አልጋው ባዶ ነው። ደንግጬ በመስኮቱ ብመለከት ጋሼ ውጭ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል። በግራ እጁ ቀኝ እጁን ይዞ፣ ጣቶቹን አፈር ውስጥ በተቀበረ ፌስታል ላይ እየጠመጠመ ይጎትታል። ፌስታሉ አልወጣለትም። ላግዘው ብቀርብ “ቆይ” አለኝ። ከሳምንታት በኋላ ከአፉ የወጣች የመጀመሪያዋ ቃል ናት። ቆየሁ፤ ፌስታሉም ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ የሠራው እርሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እኔ ቆፈርኩ፣ አናጺው ደርሻለሁ ባረጀ ጣውላ የመደቡን ጠርዝ ሠራልን፣ የጋራዡ ባለቤት ጎማዎቹን ወሰደልን። ፌስታሉን፣ ጠርሙሱንና ድንጋዩን አንድ በአንድ የለቀመው ግን ያ የተጣለ እጅ ነው። ቆስጣ፣ ካሮትና ሰላጣ ዘራን፤ በመስኮቱ ሥር የሱፍ አበባ ደረደርን። የውሃ ማጠጫው እጀታ ከእጁ እያመለጠ ሲያስቸግረው፣ ድሮ ለአንድ ደንበኛ ከሰፋሁት ሰማያዊ ካፖርት የተረፈ ጨርቅ ጠመጠምኩበትና ጨበጠው። ምሳ ቀረበ ስለው “ቆይ” ይለኛል፤ መሸ ስለው “ቆይ” ይለኛል፤ ይህን ያህል ደስ የሚል ትዕዛዝ ተቀብዬ አላውቅም። መሬቷ የእኛ አለመሆኗን አውቃለሁ። አጥር አላጠርንባትም፤ መንገደኛው ሁሉ ያልፍባታል፣ ቆስጣ ያማረውም ቀጥፎ ይሄዳል።

አራተኛ፦ አሁን ወደ ትዕዛዝዎ። ማኅተሙ የደመቀው ወረቀትዎ እንደሚለው፣ በአረንጓዴ ቦታው ላይ ያለፈቃድ የተተከሉ ማናቸውም አትክልቶችና አበቦች እስከ ወሩ መጨረሻ ተነቅለው፣ ቦታው ወደፊት ለታቀደለት የአረንጓዴነት አገልግሎት ነጻ መደረግ አለበት። ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። አረንጓዴ እንዲሆን አረንጓዴው ይነቀል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ አንድ ሰው ብቻውን ሊያመነጨው ስለማይችል፣ እነዚያ ሁሉ ስብሰባዎች ለከንቱ እንዳልነበሩ ያን ቀን ገባኝ። ቆሻሻ በነበረችበት ጊዜ ያልታየች መሬት ቅጠል ባወጣች ማግስት ስለታየች ዓይንዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ።

ወረቀቱን ለጋሼ አነበብኩለት። እስከ ማኅተሙ ድረስ አዳመጠኝና “ቆይ” አለኝ፤ ካሮቱን ማጠጣት አልጨረሰም ነበር።

አምስተኛውን ልጽፈው ያሰብኩት አልነበረም፤ ቢሮዎ ሰጠኝ። ስለ ትዕዛዙ አቤት ለማለት መጥቼ፣ እርስዎም እንደተለመደው ስብሰባ ላይ ሆነው፣ ኮሪደሩ ላይ ስጠብቅ ከፊት ለፊቴ አንድ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሎ አየሁ። ከሥሩ “የጽሕፈት ቤታችን የአረንጓዴ ልማት ውጤት” ይላል። ውጤቱም የእኛ መስኮት፣ የእኛ ቆስጣና የእኛ የሱፍ አበባ ነው። በመካከሉ እርስዎ ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ አንዱን አበባ በእጅዎ ደገፍ አድርገው ፈገግ ብለዋል። የኮትዎ እጀታ ትንሽ ረዝሟል፤ ይምጡና በነጻ ላሳጥርልዎ።

ያን ቀን በደንብ አስታውሰዋለሁ። ፎቶ አንሺ አስከትለው ሲመጡ የሰፈሩን ሥራ ሊያዩ መስሎን ወንበር አወጣንልዎ። ጋሼ አትክልቱን እያጠጣ ነበር። ፎቶ አንሺው “ጋሼ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን” አሉት። ለእኔ ቢሆን “ቆይ” ይለኝ ነበር፤ ለእንግዳ ግን ክብር አለውና ማጠጫውን እንደያዘ ፈቀቅ አለ። ማታውኑ ሸሚዙን ቀየረ፤ ትልቅ ሰው ቤቱ ድረስ መጥቶ ሥራውን ስላየለት ደስ ብሎት ነበር። ትዕዛዙ የደረሰን ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ መልሴን ሽንጤን ገትሬ አቀርባለሁ። አልነቅልም። ለመብላት ከምነቅለው ካሮት በቀር አንዲት ቅጠል በእጄ አልነቅልም፤ ወንድሜም እንዲነቅል አላዝዘውም። ትዕዛዙ የግድ መፈጸም ካለበት፣ እርስዎ ራስዎ ያንኑ ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ፎቶ አንሺውን አስከትለው ይምጡ፤ በዚያች በቆሙባት ቦታ ላይ ቆመው፣ ደግፈው ከተነሡት አበባ ይጀምሩ። ዶማ ከእኔ ነው። የሚነሣውንም ፎቶ ከፊተኛው ጎን ቢሰቅሉት ባለጉዳይ ሁሉ ሲጠብቅ የሚያየው አያጣም። ይህ ካልተመቸዎት ሁለት ነገር ቀርቷል፤ ወይ ትዕዛዙን ይቅደዱ፣ ወይ ፎቶውን ያውርዱ። ሁለቱም በአንድ ቢሮ ግድግዳና መዝገብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ አይችሉም።

እኛን በተመለከተ አንዳንድ ሰዎች ነገሩ እስኪለይለት እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ ብለው መክረውናል። ሰምተናቸዋል። በማግስቱ ከመስኮቱ አጠገብ አንዲት የሎሚ ችግኝ ተከልን። ሎሚ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈጃል ይባላል። አንቸኩልም፤ ጋሼ ገና አሁን ነው አፈሩን ዙሪያዋን መጠቅጠቅ የለመደው። የጋራዡ ባለቤትም በበኩሉ ያለውን አረንጓዴ ቦታ፣ ማለትም ቆሻሻውን፣ እያነሣ ነውና ሁለተኛ ወረቀት ያዘጋጁለት ዘንድ በትሕትና አሳስባለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስላባከንኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለወገብዎ ዕረፍት፣ ለስብሰባዎችዎ ፍጻሜ፣ ለካርታዎም ዕውነተኛ ቀለም እየተመኘሁ፣

እጅ ነሥቼ፣ እጄን ግን ሳልሰጥ፣
የመንገዱ መጨረሻ ላይ ያለችው ትንሽ ቤት ባለቤት፣
ጡረተኛዋ ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ለተቆጣጣሪዎ (መሰላሉ አሁን ቤት ውስጥ መሆኑን እንዲያውቁት)
ለአናጺው ደርሻለሁ (ሲደርስ)
ለኮሪደሩ ባለጉዳዮች በሙሉ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ በዚያ ትልቅ ፎቶ በግራ ጠርዝ፣ የፎቶው ጫፍ ከክንዱ ላይ የቆረጠው አንድ እጅ ይታያል። ሰማያዊ ጨርቅ የተጠመጠመበት የውሃ ማጠጫ ይዟል። ባለቤቱን ካላወቁት፣ ሐኪሙ ማንኪያ አይዝም ያለው የወንድሜ ቀኝ እጅ ነው። ፎቶው እንዴት ወጣ ብሎ በዓይኑ እየጠየቀኝ ስለሆነ፣ የቀረውን አካሉን መልሰው ያስገቡበት እንደሆነ ላሳየው አስቤአለሁ። ካልሆነም እጁን እንዳይቆርጡት አደራ፤ በዚያ ፎቶ ላይ ሥራ ላይ የነበረው እርሱ ብቻ ነው።