የቀረኝ ሠላሳ እርምጃ

ሰቆጣ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጥሩሐረግ፣ ደብረ ዘይት

ጥሩዬ፣ እንደምን ከርመሻል? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ሰባ አምስት ዓመቴን ደፍኛለሁ፤ ጉልበቴ የሰቆጣን ዳገት ዛሬም አይፈራም። ዓይኔ ትንሽ ስለደከመ እኔ እየተናገርኩ የምትጽፍልኝ ልጅሽ ሰላማዊት ናት። "ስልክ ልደውልላት" ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት በሆዴ የያዝኩት ወሬ ስለሆነ በስልክ አይሆንም።

ልጅሽ ለጤና ሥራ እዚህ መጥታ ስሜን ስትሰማ፣ ቀጥ ብላ ቤቴ ገባች። "በእናቴ መሳቢያ ውስጥ ያለው ፎቶ የእርስዎ ነው?" አለችኝ። "የበረራ ልብስ የለበሰ፣ ጢሙን ያሳመረ መልከ መልካም ከሆነ እኔ ነኝ" አልኳት። ሳቀች። ወዲያው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እናቴን እስከ ዛሬ የሚቆጫት አንድ ነገር ነው። ከሶማሊያ እስር ሲመለስ አንድ ቀን እንኳ ሊያየኝ አልመጣም ትላለች" አለችኝ።

ጥሩዬ፣ መጥቼ ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። በሶማሊያ ጦርነት ያን ቀን ጓደኛዬ መልአኩ እያበረረ፣ እኔ ከኋላው ካርታዬን ይዤ መንገድ እየመራሁ፣ ቦምባችንን ጥለን ስንመለስ መቱን። እኔ በፓራሹት ወረድኩ፤ መልአኩ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከአውሮፕላኑ ጋር ቀረ። ወታደሮቹ እስኪይዙኝ ድረስ ውሃ የሰጠችኝ አንዲት ሴትዮ ነበረች። ከኋላዋ ቤቷ ገና ይጨስ ነበር። ማን እንዳቃጠለው እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ውሃውን ግን አልከለከለችኝም።

እስር ቤት ሥራዬን አልተውኩም። መንገድ መሪ አይደለሁ? ከአየር ኃይሉ በር እስከ ቤታችን ስድስት መቶ አርባ እርምጃ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ያችን ጠባብ ክፍል እየተመላለስኩ በየቀኑ ሄድኩት። መጨረሻው ላይ አንቺ በር ከፍተሽ ትስቂያለሽ። ያን ሳቅ ሳልሰማ አልሞትም ብዬ ነበር፤ አልሞትኩምም!

አንቺ ግን ከመልአኩ ጋር መሞቴን ተነግሮሽ፣ ሰባት ዓመት ጠብቀሽ ተዝካሬን አወጣሽ። ደግ አደረግሽ። የእኛው ቄስ ወልደ ሐዋርያት ከዚህ ከሰቆጣ እዚያ ድረስ ሄደው በልተው የለ? "ጠላው ግሩም ነበር" እያሉ እስከ ዛሬ ያበሽቁኛል።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ስንለቀቅ፣ ማንም ሳያውቅ ከአየር ኃይሉ በር መቁጠር ጀመርኩ። ስድስት መቶ አሥር ስል ዘይቱኗ ዛፍ ጋ ደረስኩ። ሳቅሽ ተሰማኝ። ራሱ! በአጥሩ ሳይ አንቺ ልብስ ታሰጫለሽ፤ አንድ ሰው ሕፃን ወደ ላይ እያነሳ ያጫውታል። ያ ሰው ባልሽ፣ ስሙም እንዳለው መሆኑን የሰማሁት ኋላ ነው።

ሠላሳ እርምጃ ነበር የቀረኝ። ብገባ ያ ቤት ይፈርሳል። የዚያች ሴትዮ ቤት ጭስ መጣብኝ። ከላይ ሆኜ የስንቱን ቤት አፍርሻለሁ፤ የአንቺን በእግሬ ገብቼ ማፍረስ አቃተኝ። ዞሬ ወደ አገሬ ሄድኩ። ሰው ልከሽ ስታስጠይቂኝ "ደህና ነኝ በሏት" ብዬ ዝም ያልኩት ንቄሽ አይደለም። መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ ነው የመጣሁት። ያቺ ሕፃን ይኸው አሁን መጻፏን አቁማ አፍንጫዋን ትስባለች። ጻፊ እንጂ ልጄ፣ መች ጨረስኩ!

እንዳለው ካረፈ ሁለት ዓመት እንዳለፈው ነገረችኝ። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ክፉ ተመኝቼለት አላውቅም። እሺ፣ አንድ ሁለቴ ተመኝቻለሁ፤ ንስሐ ገብቼበታለሁ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ለገና ነይ። ሰንብተሽ መሄዱንም፣ ቀርተሽ መኖሩንም አንቺ ትወስኛለሽ። ቄሱን ሳማክራቸው "ተዝካሩ የወጣለት ሰው እንደ አዲስ ሽማግሌ ይላክ" አሉኝ። ሽማግሌዬ ይኸው ሰላማዊት ናት፤ ደብዳቤውን ይዛ ትመጣለች። እሺ እንደምትይ አልጠራጠርም። ከወልድያ የሚመጣውን አውቶብስ መነኸሪያ ቆሜ እጠብቃለሁ። ግርግር ነው፤ ስትወርጂ ብቻ ሳቂ፣ የቀረውን እርምጃ እኔ እመጣለሁ።

አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ በሰላም ያገናኘን።

ተዝካሩ የወጣለት፣
ገብረ አማኑኤል

እማዬ፣ ይቺን እሳቸው ሳይሰሙ የጨመርኳት እኔ ነኝ። ዓይናቸው ጨርሶ አያይም። ከቤታቸው እስከ መነኸሪያው ያለውን መንገድ ግን ሰሞኑን እየተመላለሱ ቆጥረውታል። ስትወርጂ እንዳትረሺ፣ ሳቂ።