በአባትህ ክፍል ያለው የገመድ ጫፍ

ልጄ ነዚፍ፣ አላህ በሄድክበት ከለላ ይሁንህ። እኛ ደህና ነን፤ ሰፈራችን ጊንጆ እየዘነበ ቡናው አልደርቅ ብሎናል።

አባትህ ካለፈ ወዲህ ክፍሉን ከፍቼ አላውቅም። መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ራሱ ተነስቶ ሲያጉረመርም እሰማዋለሁ። በውስጡ ያሉትን የቤተሰባችንን ፎቶዎች አንተ እስከ ሳሎን በዘረጋኸው የኔትወርክ ገመድ ከሳሎን ነበር የማየው። ሰኞ ግን ለኮምፒውተሩ ያወጣህለት የአባትህ ስም ከሳሎኑ ስክሪን ጠፋ።

ጎረቤታችን ሪያድ የሳሎኑን ጫፍ ነቅሎ ቢሰካው እምቢ አለ። "እትዬ ሳሊሀ፣ ችግሩ ወዲያኛው ጫፍ ነው፤ ይግቡ" አለኝ። ቢስሚላህ ብዬ ገባሁ። የአባትህ ምርኩዝ ወድቆ ገመዱን ነቅሎታል። በተዘጋ ክፍል ማን ጣለው? መልሼ ስሰካው መሰኪያው ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት በራች፤ ሪያድ ከሳሎን "ስማቸው መጣ!" ብሎ ጮኸ። ምርኩዙን አንስቼ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት።

ሪያድ ስሙን ባየሁ ቁጥር እንዳልደነግጥ ብሎ የኮምፒውተሩ ስም ይቀየር ይላል። ቢጠይቅህ፣ አደራ ልጄ፣ እሺ አትበለው። ዱዓዬ ካንተ አይለይ።

እናትህ