ኖርማን ፊልሜ ላይ ጮኸ

ሬጅ፣

አብሮኝ የመጣው ኖርማን ፊልሜን አበላሸብኝ። ከዮርክ እስከ ስኮትላንድ የመጣሁት ያቺ አሮጌ የእንፋሎት ባቡር ሙዚየም ከመግባቷ በፊት የመጨረሻውን ዳገት ስትወጣ ልቀርጽ ነበር። ሌላ ዕድል የለም።

ካሜራ የያዘው ሁሉ አጥሩ ሥር ተደርድሯል። ሕጉን ታውቀዋለህ፤ ባቡር ሲመጣ ማንም አይናገርም፣ አያስልም። በእኛ ጣቢያ መድረኩ ጫፍ ላይ እርግብ እንኳ ያከብረዋል። ኖርማን ደግሞ በዚህ ሕግ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲገላምጥ የኖረ ነው።

ባቡሯ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ሐዲዱ በዝናብ ርሶ ስለነበር መንኮራኩሯ ተንሸራተተና ልትቆም ደረሰች። ያኔ ኖርማን ጆሮዬ ሥር፣ «አይዞሽ የኔ እመቤት! በርቺ፣ ግፊ!» ብሎ አምባረቀ። እሷም እያቃሰተች ወጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ አበድክ?» አልኩት።

«ከአፌ አመለጠኝ፣ ዊልፍ። የምትቀር መሰለኝ» አለ፣ ዓይኑን በኮፍያው እየጠረገ።

አጠገባችን የቆመ አንዱ፣ «አባባ፣ ጩኸቱን እኮ በኮምፒውተር ማጥፋት ይቻላል» አለኝ።

«አይነካም፤ የሆነው ሁሉ እንደሆነው ይታያል» ብዬ መለስኩለት።

ሐሙስ በባቡር ወዳጆች ክበባችን ሙሉውን፣ ከነጩኸቱ አሳያለሁ። መሳቅ የፈለገ በሩን ያውቀዋል፤ ይውጣ። የባለቤትህ የማርጆሪ ጉልበት እንዴት ሆነ? ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ፖስትካርዱ ሞልቶ መጻፊያ ቦታ አጣሁ። የኖርማንን ነገር ግን ከእንግዲህ ለአንተም ሆነ ለማንም አላነሳም። እንዳትጠይቀኝ።

ዊልፍሬድ