ስብራቱ ይታከማል፣ ሰባሪው አይታከምም

ለተከበሩ የጤና መድኅን ቢሮ ዋና ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ የተሟላ፣ አጥንትዎም ሁሉ በየቦታው እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ስለሆነ ለተንጋደደው ፊደሌ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እኔ የደንብ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ በር በያጅ ነው፤ ሰፈሩ «እሳቱ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት በሥራው ነበር፣ በጠባዩ ጸናለት። ሁለታችንም የቢሮዎ አባላት ስለሆንን፣ የተደረገልንን ሁሉ በአደባባይ ላመሰግን ተነሥቻለሁ።

፩. ባለፈው ዓመት ባለቤቴ ጠጥቶ ገባና ቀኝ ክንዴን በስፌት መኪናዬ ጠርዝ ላይ አስደግፎ ሰበረው። እንደ ደረቅ እንጨት ነው የጮኸው። ካርዴን ባሳይ ራጁም፣ ጀሶውም፣ መድኃኒቱም ያለ አንዳች ጥያቄ ተሸፈነልኝ። ለዚህ ቅልጥፍናዎ እግዜር ይስጥልኝ።

፪. በማግስቱ ባለቤቴ ክንዴን አይቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያከመኝም ሐኪም ለብቻው ጠርቶ፣ ከመጠጥ ለመላቀቅ ተኝቶ መታከም እንዳለበት ነገረው። ሦስት ቀን አንዲት ጉንጭ ሳይቀምስ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ ቢሮዎ ሄደ፤ እኔም በጀሶ የታሰረ ክንዴን ታቅፌ ተከተልኩት። በመስኮት ቁጥር ሦስት ያሉት ትሑት ሠራተኛዎ ቅጹን ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ «ወንድሜ፣ ሱስ እኮ ጠባይ ነው እንጂ በሽታ አይደለም፤ ዝርዝራችን ውስጥ የለም» አሉት።

«የሷ ክንድስ?»

«እሱማ ስብራት ነው። ስብራት አለ።»

«እንግዲያው ብሰብራት ትከፍላላችሁ፣ እንዳልሰብራት ግን አትከፍሉም ማለት ነው?»

«ጌታዬ፣ ሰልፉን አያስቁሙብን።»

፫. ይግባኝ አልን። መልሱን በምንጠባበቅበት ወራት ታናሽ ወንድሙ ሊያስታርቀን ቢመጣ፣ ወደ መጠጡ የተመለሰው ባለቤቴ በብረት ዘንግ ግንባሩን ፈለጠው። ዘጠኝ ስፌት። እሱም የቢሮዎ አባል ነበርና ተሸፈነለት።

፬. በዐሥራ አንደኛው ሳምንት ባለማኅተም ደብዳቤዎ ደረሰን፦ «ጥያቄዎ ከአገልግሎቱ ማዕቀፍ ውጭ ነው። መልካም ጤንነት እንመኝልዎታለን።» ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ በጥንቃቄ አጥፎ ኪሱ ከተተውና ወጣ። ለምሳ ሲመለስ መዶሻ ይዞ ነበር። ቀኝ እጄን ጠረጴዛው ላይ አጣብቆ ሦስት ጣቶቼን አደቀቃቸው፤ እኔም በግራዬ የጋለውን ካውያ አንሥቼ ጉንጩ ላይ ለጠፍኩት። ሥጋው ሲጠበስ ሸተተኝ፤ ክቡርነትዎ፣ አልዋሽዎትም፣ ደስ አለኝ። የእኔም ጣቶች፣ የእርሱም ቃጠሎ በአንድ ክፍል፣ በመጋረጃ ብቻ ተለይተው፣ በቢሮዎ ወጪ ታከሙ።

መዶሻውን ያነሣው እርሱ እንጂ እርስዎ አይደሉም፤ ይህን ለዳኛውም ነግሬያለሁ። አራት ዓመት ተፈረደበት። የማረሚያ ቤቱ ሐኪም ግን ካርድም ማኅተምም ሳይጠይቅ ከሱሱ እያከመው ነው። ስድስት ወር ሆነው፣ አልቀመሰም። ልጠይቀው ሄጄ በሽቦው ማዶ አየሁት፤ ጉንጩ ተጨማድዷል፣ እጁ ግን አይንቀጠቀጥም።

«እዚህ ለመግባት ጣቶችሽን መስበር ነበረብኝ?» አለኝ።

«አልነበረብህም» አልኩት። «ስትወጣም ቤቴ አትመጣም።»

ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ያን ቀን ካየሁት ሰው ጋር ግን ዕድሜዬን ሙሉ መኖር እችል እንደነበር ማወቄ፣ ከጣቶቼ ይልቅ ያመኛል፤ ለዚህኛው ሕመም ዝርዝርዎ ውስጥ ቦታ ይኖር እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ለማይዛነፈው ዝርዝርዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ወንበርዎ እንዲደላዎት፣ ደጅዎም ሰላም እንዲሆን የምመኝ፣

ታዛዥዎ፣ የቀድሞዋ ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ልጇ በመጠጥ የተያዘባት ጎረቤቴ ቢሮዎን ደጅ ልትጠና ታስባለች። እስካሁን ግን አንድም አጥንቷ ስላልተሰበረ በምን እንደምታመለክት ግራ ገብቷታል። ከየትኛው አጥንት እንድትጀምር በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ቢለጥፉላት መልካም ነው፤ ልጁም እቤት ነው፤ ይጠብቃል።